እልልታ ያደረበት ድንኳን

«ግራ… ትንሽ ግራ… ያዛት ሻለቃ፣ እንዲሁ ያዛት።»

የኢያቄም ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ እየተቆራረጠ ይመጣል። መቶ አለቃ መርጋ ከአብራሪው ከሻለቃ አሉላ ጀርባ፣ መዳፍ በምታህል መስኮት አጠገብ፣ በወንበሩ ታስሮ ተቀምጧል። ካንቤራ የምትባለውን ይህችን ቀላል ቦምብ ጣይ የሠሩት እንግሊዞች መንገድ መሪው ናቪጌተርም እንደ ሰው ዓይን እንዳለው ዘንግተውት ነበር መሰል፣ መርጋ ካርታውን፣ ሰዓቱንና የፍጥነት መለኪያውን እንጂ መሬቱን አያይም። መሬቱን የሚያይለት ጓደኛው ነው። መቶ አለቃ ኢያቄም ከጎኑ ካለው ወንበር ተነሥቶ፣ በአብራሪው አጠገብ በምታልፈው ጠባብ መሹለኪያ በደረቱ ተስቦ፣ አውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ባለው መስታወት ውስጥ በሆዱ ተኝቷል። የሚያነጣጥረውም፣ ቦምቡን የሚለቀውም እሱ ነው።

ከደብረ ዘይት የተነሡት ገና ሳይነጋ ነበር። አሁን ፀሐይ ብቅ ብላለች። ከበታቻቸው የተዘረጋው ድንበር ማዶ ያለው የጠላት አየር ማረፊያ ነው። ያ የጥቅምት ወር ከገባ ወዲህ የወራሪው ጦር ሚጎች ጧት ማታ እየተነሡ ምሥራቅ ያለውን እግረኛ የሚፈጁት ከዚህ ሜዳ ነበር።

«ቦምብ ወጣ!»

አውሮፕላኗ ጭነቷ እንደተራገፈላት በቅሎ ወደ ላይ ዘለል አለች። ሻለቃ አሉላ ወደ ግራ አጋድሎ አዞራት። መርጋ ሰዓቱን አየና የመመለሻውን አቅጣጫ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኢያቄም ቀደመው።

«ሻለቃ፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም።»

«ምኑ?»

«የሚበረው ሳንቃ ነው። ጌታዬ፣ እንጨት ነው የመታነው! እንጨትና ሸራ! ቀለም ቀብተው አሰልፈውልን…» አለና ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ስላየ አልነበረም፤ በገዛ ቤቱ የተሰረቀ ሰው እንደዚያ ይስቃል። ወዲያው ሳቁን ዋጠና «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «እውነተኞቹ እዚያ ናቸው! ከሜዳው ምሥራቅ ጫፍ፣ ቅጠል አልብሰዋቸዋል። አጠገባቸው የነዳጅ በርሜል እንደ ጉድ ተከምሯል። ግማሹ ቦምብ እኮ አልወጣም ሻለቃ፤ እንመለስ።»

ሻለቃ አሉላ አውሮፕላኗን ወዲያው አላዞራትም። ለምን እንዳመነታ መርጋ ያውቃል። ገና እጩ መኮንን ሳሉ ጀምሮ የተነገራቸው ነገር ቢኖር አንድ ዒላማ ላይ በአንድ ጧት ሁለት ጊዜ አትሂድ የሚል ነበር። መጀመሪያ ስትሄድ ተኳሹን ዓይኑን እያሸ ታገኘዋለህ፤ ስትመለስ ግን ጣቱን ምላጩ ላይ አድርጎ ይጠብቅሃል።

«እርግጠኛ ነህ፣ ኢያቄም?»

«ጥላቸውን አየሁት። የጧት ጥላ አይዋሽም።»

«መርጋ፣ ነዳጅ?»

«ለአንድ ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ደብረ ዘይትን አናያትም።»

«እኔስ መቼ ከአንድ በላይ ለመንኩ?» አለ ኢያቄም።

ሻለቃው አዞራት። በዚህኛው ዙር መርጋ ባያይም ሁሉን ሰማ። ፀረ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከሆዳቸው ሥር ይንቋቋ ጀመር። ኢያቄም ግን ዘይትና ሽንኩርት ሊገዛ የተላከ ይመስል፣ ድምፁን ሳይለውጥ «ቀጥ… ቀጥ… ወጣ!» አለ። ከኋላ የመጣው ፍንዳታ አውሮፕላኗን ገፍትሮ ወረወራት፤ መርጋ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ሻለቃ አሉላ «ነደደ! ሁሉም ነደደ! አየኸው ኢያቄም?» እያለ ይጮሃል። ኢያቄም አልመለሰም።

መርጋ መታጠቂያውን ፈትቶ በመሹለኪያው ተሳበ። የአፍንጫዋ መስታወት ተሰባብሮ ነፋሱ እንደ ምላጭ ይገባል። ኢያቄም በጎኑ ተገልብጧል፤ ከእምብርቱ በታች ያለውን መርጋ አንዴ አየና ደግሞ ማየት አልቻለም። ደምና ነዳጅ ተቀላቅሎ ሲሸት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ጓንቱን አውልቆ የጓደኛውን እጅ ያዘ።

«በረደኝ» አለ ኢያቄም።

መርጋ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው። ኢያቄም ሌላ ቃል አልተናገረም። ድንበሩን ሳይሻገሩ ሞተ፤ መርጋም ጎማዎቹ ደብረ ዘይት መሬት እስኪነኩ ድረስ እጁን አልለቀቀም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዚያን ዓመት ጉድ ግን መስከረምን አልፎ፣ ጥቅምት ላይ፣ አበባ ይዞ አውሮፕላን ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ጓድ ፋኑኤል የጦር ሰፈሩ ካድሬ ነበር። ካኪው ተተኩሶ ስለት አውጥቷል፤ ከጎኑ ፎቶግራፍ አንሺ ቆሟል። ኢያቄምን በሸራ ጠቅልለው ከጎን በር ሲያወጡት ካድሬው አበባውን ወደ ጀርባው ደበቀ። ሬሳው የፓራሹት ጃንጥላ ወደሚቀመጥበት መጋዘን ገብቶ በሩ እስኪዘጋም ድረስ እንደደበቀው ቆየ። ከዚያ ሁለቱን መኮንኖች ወደ ቢሮው አስገባቸው።

መርጋ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። የመጀመሪያው ዙር እንጨት፣ ሁለተኛው እውነተኛ ሚግና የነዳጅ ክምር መሆኑን፣ ሁለተኛው ዙር የኢያቄም ሐሳብ መሆኑን፣ የሞተውም በዚያው ላይ መሆኑን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ፋኑኤል እርሳሱን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ ሰማው።

«ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር አልነበረም» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አልነበረም?»

«ሻለቃ ገና አየር ላይ እያለ በሬዲዮ ግንኙነት ዒላማው ተመታ ብሏል፤ እኛም ወደ በላይ አካል አስተላልፈናል። ሦስቱም ጀግኖች ድል አድርገው በሰላም ተመለሱ ተብሎ ስማቸው በሬዲዮ ዜና ከተነገረ ሰዓት አልፎታል። አሁን ሁለተኛ ዙር ነበረ ካልን ለምን አስፈለገ ይባላል። ለምን ከተባለ እንጨቱ ይመጣል። እንጨቱ ከመጣ ለዚህ ድል የተጠራው የነገው ሰልፍ ምን ሊሆን ነው?»

«ሰውየው ሞቷል እኮ ጓድ!»

«ማን አልሞተም አለ? ሰልፉ ይለፍ። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ግዳጅ ላይ ተሰዋ ይባላል። ክብሩ የትም አይሄድበትም፤ እንዲያውም ያድግለታል።»

መርጋ ወደ ሻለቃ አሉላ ዞረ። ሻለቃው መስኮቱን ያያል። ገና በር ላይ ሳሉ ካድሬው ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ ስለ ሌተና ኮሎኔልነት አንድ ነገር ሹክ ሲለው መርጋ ሰምቷል። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ዘመን ክፉ ሳይሆኑ ዝም ያሉት ብዙ ነበሩ።

ከዚያ የመጣው ከሁሉ የከፋ ነበር። ጀግኖቹ ሦስት ስለተባሉ ፎቶግራፉም ሦስት ሰው ይፈልጋል። ፋኑኤል ከአየር ጠባይ ክፍል አንድ ምክትል መቶ አለቃ አስጠራና የኢያቄምን የበረራ ቆብ አጠለቀለት። ቆቡን አጣድፈው አጥበውት ስለነበር ገና አልደረቀም። ሰውየው በካንቤራዋ ሥር ቆሞ ጥርሱን ብልጭ አደረገ፤ ወዲያው ከቆቡ የወረደች ጠብታ ከአንገቱ ገብታ ስትንሸራተት ፊቱ አመድ ሆነ። ፎቶግራፍ አንሺው «ፈገግ!» አለ። ምክትል መቶ አለቃው ፈገግ አለ። መርጋ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ሲባል ሲሰማ የኖረውን ያን ዕለት በአካል አገኘው።

በዘጠኝ ሰዓት በላንድሮቨር ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። ፋኑኤል ከሹፌሩ ጎን፣ ሁለቱ መኮንኖች ከኋላ ናቸው። ካድሬው መንገዱን ሙሉ ፕሮግራም አወጣ። የኢያቄም እናት ካዛንቺስ ናቸው፤ ቀበሌው የደስታ ግብዣ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ነገ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይህችው መኪና መጥታ ትወስዳቸዋለች፤ አብዮት አደባባይ፣ መድረኩ ላይ፣ ከባለሥልጣናቱ ጎን ተቀምጠው ለልጃቸው እልል ይላሉ። ልጃቸው የት አለ ቢሉ መልሱ አንድ ነው፤ ግዳጅ ላይ ነው።

«ሌላ መልስ የሚሰጥ ካለ» አለ ፋኑኤል አንገቱን ሳያዞር፣ «በጦርነት ሰዓት ወሬ ማሾለክ ምን እንደሚባል ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።»

መርጋ ያውቃል። በዚያ ወራት ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው በየጎዳናው ተጥሎ ያድር ነበር። ግን እየከነከነ የሚበላው ሞት አልነበረም። ኢያቄም ለወይዘሮ ምንዳዬ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶ፣ ጥልፍ እየጠለፉ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ ያሳደጉት ልጅ። መርጋም ከአድአ ገጠር መጥቶ እጩ መኮንን ከሆነ ጀምሮ በየእረፍቱ እሳቸው ቤት በልቶ፣ እሳቸው ቤት አድሯል። እኚህ ሴት ነገ ጧት በሕዝብ ፊት፣ መጋዘን ውስጥ ለተጣለ ሬሳ እልል ሊሉ ነው። ይህን ዓይኑ እያየ ካሳለፈ ከዚያ ወዲያ ሰው ነኝ ለማለት በምን አፉ?

የጎተራን የእህል መጋዘኖች አልፈው አብዮት አደባባይ ሲደርሱ አናጢዎች መድረኩን እየመቱ፣ ቀይ ጨርቅ እያለበሱ ነበር። ፋኑኤል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደረጃውን ዝቅ አድርጉት፣ አሮጊት ናት የምትወጣው!» ብሎ ጮኸ።

ካዛንቺስ ሲገቡ መርጋ ድንኳኑን አየ።

ከወይዘሮ ምንዳዬ አጥር ውጭ፣ መንገዱን ዘግቶ፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። የለቅሶ ድንኳን መሰለው። ሰምተዋል ማለት ነው። አንድ የተረገመ አፍታ ደስ አለው፤ እኔ ሳልናገር ሌላ ሰው ተናገረልኝ ብሎ። ግን መኪናዋ ስትቆም ከውስጥ የመጣው ከበሮና እልልታ ነው። እድር ለሠርግም ለለቅሶም ያለው ድንኳን አንድ ነው። ጎረቤቱ በሬዲዮ የሰማውን አምኖ፣ በግ አርዶ፣ ወንበር ደርድሮ ለልጁ ድግስ ደግሶለታል።

ወይዘሮ ምንዳዬ ሰውን እየገፉ መጡ። «መርጌ! የኔ ጌታ! ያንተን ዓይን ያየሁ የሱንም ያየሁ ነኝ!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጩን ግራ ቀኝ እየሳሙት ከትከሻው በላይ ወደ መኪናው ተመለከቱ። «እሱስ? ከኋላ ነው?»

«ግዳጅ ላይ ነው እናታችን!» አለ ፋኑኤል ድምፁን ለድንኳኑ ሁሉ ከፍ አድርጎ። «ጀግና እረፍት የለውም! እሱን የመሰለ ልጅ የወለደች ማሕፀን ትባረክ!»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ካድሬው ከሻንጣው ጥለቱ ሰፊ የሆነ አዲስ ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው አውጥቶ አስረከባቸው፤ ለነገው መድረክ መሆኑንም አወጀ። ወይዘሮ ምንዳዬ ቀሚሱን በደረታቸው ላይ ለክተው እንደ ልጃገረድ አፈሩ። የልጅን ሬሳ መጋዘን ውስጥ ዘግቶ ለእናት ቀሚስ መግዛት! መርጋ እጁን ኪሱ ከቶ ጨበጠው፤ እጁ ከኪሱ ውጭ ቢሆን ኖሮ የሚያሳርፍበትን ቦታ ያውቅ ነበር።

አስቀመጡት። ወይዘሮ ምንዳዬ ራሳቸው ትሪ ይዘው መጡና ከፊቱ በርከክ አሉ። አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ይሄ ያንተ» አሉና አጎረሱት። ደግሞ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው የበለጠ ጠቀለሉ። «ይሄ ደግሞ የሱ። እሱ እስኪመጣ አንተ ጉረስለት፤ ከጎድኑ ነው፣ እሱ የሚወደው።»

እናት ስታጎርስ አይመለስም። መርጋ አፉን ከፈተ። የሞተውን ሰው ጉርሻ፣ ሙቁን፣ በቅቤ የራሰውን፣ በእናቱ እጅ አኘከ። «ነገ እመድረኩ ላይ ይመጣል፣ አይደል መርጌ?» አሉት ዓይን ዓይኑን እያዩ። መርጋ አፉ ሙሉ ስለነበር ብቻ ከመዋሸት ዳነ። እንደምንም ዋጠና ተነሥቶ ወጣ። ከድንኳኑ ጀርባ የአጥሩን ቆርቆሮ ተደግፎ የዋጠውን ሁሉ መለሰው።

«ሰው በደስታ ቤት እንዲህ አይታመምም።»

ዞረ። ጋሽ ፀሃዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የወይዘሮ ምንዳዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ። ረጅም ዕድሜያቸውን የሰው ሞት ሲያደራጁ የኖሩ ሰው ናቸውና የመርጋን ፊት ማንበብ አልከበዳቸውም።

«ልጃችን የት ነው ያለው?» አሉ።

«የጃንጥላ መጋዘን፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፀሃዬ አላለቀሱም። ከዘራቸው ብቻ መሬቱን ትንሽ ፈቀፈቀ። መርጋ የቀረውን በአጭሩ ነገራቸው፤ ሁለተኛውን ዙር፣ ቆቡን፣ የነገውን መድረክ። ሲጨርስ «አሁኑኑ ገብቼ ልንገራቸው። የመጣው ይምጣ» አለ።

«ዝም በል! መርዶ በማታ የት አገር ነው የሚነገረው? ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ ልትጮህ? ያ ሰውዬ እዚያ ተቀምጦ እየሰማ አፏን ሊያስይዛት?»

«ታዲያ ነገ ጧት መኪናው ይመጣል እኮ!»

«ከመኪናው በፊት ይነጋል» አሉ ጋሽ ፀሃዬ። «መርዶ ሲነጋጋ ነው፤ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ የነፍስ አባት ባለበት፣ የሚይዟት ሴቶች ግራ ቀኝ ቆመው። ሰዓት እላፊ ስላለ ዘመድ በየት ይምጣ ብዬ እጨነቅ ነበር። ይኸው መንግሥት ራሱ ሰብስቦልናል፤ ድንኳኑንም አስተክሎልናል። አንተ ፊትህን ታጠብና ግባ።»

የዚያ ማታ ነገር ካዛንቺስ ውስጥ ለዓመታት በሹክሹክታ ሲወራ ኖሯል። ጋሽ ፀሃዬ ተመልሰው ገቡና ሰዓት እላፊው እየደረሰ ስለሆነ እንግዳው ሁሉ እዚሁ ይደር፣ ነገም ሁላችንም ከዚሁ ተነሥተን ወደ ሰልፉ እንሄዳለን አሉ። ፋኑኤል እጅግ ደስ አለው። አጨበጨበ። ከዚያ ጋሽ ፀሃዬ ወደ አንዱ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ያ ሰው ጠላውን አስቀመጠና ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። የደረሰው ሰው አንዴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ያጨበጭባል። ከበሮ መቺዋ ሲነገራት እጇ አንዴ ብቻ ሳተ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ድንኳኑ ሁሉ አውቆ ያላወቁት ወይዘሮ ምንዳዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውና በደስታ ቀልጦ እስክስታ የሚመታው ካድሬ። ሴቶቹ እያወቁ እልል አሉ፤ እልልታው ቢቋረጥ ይጠረጥራሉ፣ ከጠረጠሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ያልተኛች እናት ደግሞ መርዶን አትችለውም። መርጋ ካየው ውሸት ሁሉ ያላስጠላው ይህ ብቻ ነበር። የካድሬው ውሸት ለመድረክ ነበር፤ የነሱ ግን አንዲት ሴት ጥቂት ሰዓት እንድትተኛ ነው።

ፋኑኤል የይለፍ ወረቀት ስለነበረው ሊሄድ ተነሣ። «ጓድ ሻለቃ፣ እንሂድ፤ ሆቴል ተይዞልሃል» አለ።

ሻለቃ አሉላ እስካሁን ጥግ ላይ አንድ መለኪያ አረቄ ይዞ ሳይጠጣ ተቀምጧል። ወሬው እሱም ዘንድ ደርሷል፤ ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ ሲነግሩት መርጋ አይቷል። አንድ ቃል ለካድሬው ቢናገር ሁሉም ያበቃ ነበር።

«እዚሁ አድራለሁ» አለ ሻለቃው።

ሰማዩ ፈዘዝ ሲል፣ ሰዓት እላፊው እንዳለፈ፣ የቂርቆሱ ቄስ መጡ። ሁሉም በዝምታ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ዳር አደረገ። ነጠላ ለብሶ ያደረው ሁሉ አውልቆ ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ አዘቅዝቆ ለበሰው።

ወይዘሮ ምንዳዬ ለመድረኩ በማለዳ ተነሥተዋል። ፀጉራቸውን ተቀብተው፣ አዲሱን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ «ተነሡ እንጂ! ሰልፉ አያመልጠንም?» እያሉ ከቤት ወጡ። ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

አንዱን ነጠላ አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ቄሱን አዩ። «ልጄ ምንዳዬ…» ብለው ቄሱ ሲጀምሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸውና በዓይናቸው መርጋን ፈለጉ።

«አብረኸው ነበርክ?»

«አዎ እማማ።»

«ማታ ሳጎርስህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በጥፊ ይመቱታል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱትም ይገባዋል። እሳቸው ግን እንደ መገረም ብለው «እና ዋጥከው?» አሉት። ከዚያ ሊወድቁ ሲሉ ሴቶቹ ያዟቸው። የወጣው ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ የታፈነውን የሰው ሁሉ ጩኸት ይዞ ወጣ፤ ከበሮዋም ያው ከበሮ፣ አሁን ለሙሾ ተመታች። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አስፋልቱን ይዞ «የወይዘሮ ምንዳዬ ልጅ፣ መቶ አለቃ ኢያቄም፣ ሞቷልና እድርተኛ ውጣ!» እያለ እስከ ባምቢስ ድረስ ወረደ። በር እየተከፈተ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ።

ላንድሮቨሯ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ፋኑኤል ከመኪናው ዘሎ ወረደ፤ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። «ማነው የተናገረው? ማነው?» አለ። መርጋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። ከጎኑ ጋሽ ፀሃዬ ራመዱ። ከዚያ ከበሮ መቺዋ። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ። ካድሬው ሽጉጡ ላይ እጁን አሳረፈና የሚመርጠውን አጣ።

ወይዘሮ ምንዳዬ ከሴቶቹ እጅ ተላቀቁ። ደረታቸውን እየደቁ፣ እየተንገዳገዱ፣ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደው የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡ። «እኔን ልትወስድ አይደል የመጣችው?» አሉ። «ውሰዱኛ! ልጄ ወዳለበት ውሰዱኝ!»

ሹፌሩ ወታደር ነው። ካድሬውን አየ፤ ከዚያ ሻለቃ አሉላን አየ። ሻለቃው ከድንኳኑ ወጥቶ፣ የደንብ ልብሱን ቁልፍ ሙሉ ቆልፎ፣ ቆቡን አጥልቆ ቆሟል።

«ሹፌር» አለ፣ «ወደ ደብረ ዘይት።»

«በማን ትእዛዝ?» ፋኑኤል ጮኸ።

«በእኔ። ስሜ ከጠፋህ፣ ትናንት ሙሉ በሬዲዮ ስታስነግረው የዋልከው ነው።»

ሻለቃው ከኋላ ገባ፤ መርጋም ጋሽ ፀሃዬን ደግፎ አስገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። መኪናዋ ለቀስተኛውን እየከፈለች ወጣች። ወደ ደብረ ዘይት ሌላ መንገድ ቢፈልጉ ኖሮ ይገኝ ነበር፤ ሹፌሩ ግን በለመደበት፣ በአብዮት አደባባይ በኩል ነዳ። አደባባዩ በማለዳ ሞልቷል። ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ተሰልፎ የሦስቱ ጀግኖች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሸክሟል። ነጭ የለበሱትን እናት ሲያዩ ሰልፈኞቹ መንገድ ከፈቱ።

ወይዘሮ ምንዳዬ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ኢያቄም! ኢያቄም!» እያሉ ይጮሃሉ። ሰልፈኛው መፈክር መሰለው። በሺህ አፍ «ኢያቄም ለዘላለም ይኑር!» ብሎ መለሰላቸው።

«ሞቷል እኮ!» አሉ። «ልጆቼ፣ ልጄ ሞቷል እኮ!»

መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላው ያለው። ዝምታው ወደ መድረኩ እየሄደ ሳለ፣ የኢያቄምን ስም የያዘች አንዲት ተማሪ ሰሌዳውን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ አወረደችና ታቅፋው ማልቀስ ጀመረች።